ብሎክ ሰባ ሦስት

ኮዬ ፈጬ ማታ፣ መብራት ሄደ ድንገት፣
ዘርፌ የእድሩን መዝገብ በምትሞላበት ሰዓት፤
«ብሎክ ሰባ ሦስት፣ የየካቲት…» ብላ
ጣቷ ሳይነሳ ጨለማው ስሙን በላ።

ጠዋት ኮምፒውተሩን በነጠላ ጠቅልላ
ከሱቄ በር ቆመች፣ ዓይኗ እንቅልፍ አጥቶ፤
«ብሎክ ስልሳ አንድ ለቅሶ አለ» አለችኝ፣ «ሰው ሞቶ፤
ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ በምን ልወቅ እኔ?
እባክህ ተመልከት፣ እባክህ ወገኔ።»

ከፈትኩት። ጥቁር መስኮት፣ ነጭ ፊደል ይዞ፦
«በአግባቡ አልተዘጋም» አለኝ፣ ቆመ ፈዝዞ።
እጄን ሰበሰብኩ፤ የተሰበረ እግር
ወጌሻ ሳያየው አይረግጥም ምድር።
እንዳለ ቀዳሁት ከነስብራቱ፤
ቅጂው ነው የሚታሽ፣ ዋናው ይረፍ ቤቱ።

ከዚያ ይጠይቀኛል፣ እንደ ወረዳ ጸሐፊ ቀስ እያለ፦
«በዚህ ብሎክ ላይ ሁለት ባለቤት አለ።
ላስተካክል?»
ዘርፌ ሳቀች፤ «ታዲያ ይሄ ምን አለው?
የኛም ሰፈር ያው ነው።»
«ይህ ብሎክ ባዶ ተብሏል፤ ግን ተይዟል። ላስተካክል?»
አዎ።
አዎ።
አዎ፣ እስከ ምሳ ድረስ።

ሲያልቅ አንድ ማኅደር፦ ጠፍተው የተገኙ።
ቁጥር እንጂ ስም የላቸው፣ ተደርድረው ተኙ።
ዘርፌ በየተራ ከፍታ ታያለች፤
«ይቺ ሸዋረገድ ናት፣ ሁሌ ሃምሳ ብር ታጎድላለች፤
ይሄ መቶ አለቃ ቢራራ፣ የዓመቱን ባንዴ የሚዘጋ…»
በዕዳቸው ለየቻቸው።

አንዱ ግን ቀረ።
«ኦቦ ሁንዴ ገመቹ። ብሎክ፦ የለም። ቤት፦ ከሾላው ሥር።»
ሦስት ወር ከፍሏል። ከዚያ ወዲያ ዝም።
«ሰርዘነው ነበር እኮ» አለች፣ ድምጿ ወርዶ፤
«መሬቱ ሲወሰድ ሄደ… ማን ያውቃል የት ማዶ።»

ሲሰርዙት፣ አልኳት፣ ስሙን ነው የሚያነሱበት፤
እሱ እዚያው ይተኛል፣ ሌላ እስኪጻፍበት።

ሁለታችንም ዞር አልን፤ ከመስኮቱ ባሻገር
ሽምብራ ያበቅል የነበረው ጥቁር አፈር
አምስት ፎቅ ተጽፎበታል፤
በረንዳው ላይ የሕፃን ልብስ ይወዛወዛል።

ጠቋሚው ብልጭ ድርግም፦ «ባለቤት የለውም። ላጥፋው?»
ዘርፌ እጄን ያዘች፤
«አይ፣ በለው።»

ሁለት መቶ ሰጠችኝ፤ መልሱን ስቆጥርላት
«እሱን» አለች፣ «በሁንዴ ስም፣ የየካቲት።»