የወፍ ድርሻ

ሐርቡ የገባሁት በቢሮው መኪና፣
ጭጋግ ገና ሳይለቅ የቦርከናን ጎዳና፤
በኪሴ ሁለት ቅጽ፣ በእጄ ባዶ ከረጢት፣
የሙሄ ይማምን ማሽላ ልወስዳት።

ስሟ «ወተት በጉንጬ» ነው፤ እሸቷን የበላ
ስለ ስሟ ምክንያት አይጠይቅም ሌላ።
እኔ ግን የማውቃት በሌላ ስም ነበር፦
በመዝገብ፣ በሰንጠረዥ፣ በሰባት ቤት ቁጥር።

ሙሄ ከአውድማው ዳር፣ ጀርባውን ለፀሐይ፣
አቀንጭራ ነቅሎ አኖረው መዳፌ ላይ፤
ሐምራዊ አበባው ሲያዩት የሚያስጎመጅ፣
ከሥር ግን ሌባ ነው፣ የሰው ላብ የሚፈጅ።
«ሦስት ጥማድ አርሼ ሁለት ቁና ገባኝ፤
መላ ካለህ አምጣ፣ ስብሰባው ሰለቸኝ።»

አስረዳሁት፦ «ሥሯ ትጣራለች፣ አባ፤
አፈር ውስጥ ያለ ድምፅ፣ ጆሮ የማይገባ።
አቀንጭራው ሰምቶ ከእንቅልፉ ይነቃል፣
መንገዱን በጥሪው ተመርቶ ያውቃል።
እኛ ከውስጧ ያችን አንዲት ፊደል
በረቂቅ መቀስ ነው ቆርጠን የምንጥል።
ዝም ካለች አይመጣም።»
                              እሱም ዝም አለና፣
አገዳ ሰበረ፣ አኘከ እንደገና፦
«ጠላት በሰማበት በዚያው በአንደበቷ
ወዳጅ ትጠራ እንደሁ? ይቅር ወይ ጩኸቷ?»

አብሽር ልለው ነበር። ምላሴ ተያዘ።
ሥሯን የሚመግብ፣ በክር የተጓዘ
አንድ ደቃቅ ሻጋታ፣ ከአፈር ውስጥ ያለ፣
በዚያው ድምፅ ተጠርቶ ይመጣል እየተባለ
በእኛው ቤት ይጠናል። ገና አላለቀም።
አልነገርሁትም። አልዋሸሁትም።

ቅጹን ዘረጋሁት። «የዘሩ ባለቤት»
ከሚለው መስመር ስደርስ ሙሄ ሳቀበት።
«ዘሙይ ብለህ ጻፋ። እኅቴ ናት፤ ሞታለች።
በሰባ ሰባቱ በእግሯ ተሰድዳለች፤
እፍኝ ዘር ቋጥራ በመቀነቷ ጫፍ፣
ሕፃኑ በጀርባዋ፣ ደርቆበት ከንፈር አፍ።
ፈትታ ብትቀቅል ማን ይፈርድባታል?
አልፈታችም።
               ልጁ ከግራር ሥር ተኝቷል።
በል እንግዲህ ጻፈው፤ መስመሩ ይበቃል?»

ብዕሬ አልጻፈም። በባዶው ቦታ ላይ
አውራ ጣቱን ጫነ፣ እንደ ሌላው ጉዳይ።
በጣሳ ሰፈረ። አንድ። ሁለት። ሦስት።
ከዚያ በእፍኙ ዘግኖ ጠቀለለ በወረቀት፦
«ይኼኛው የወፍ ነው። በወንጭፍ፣ ዕድሜ ልኬን፣
ግሪሳን ሳባርር ጨረስሁት ክንዴን፤
ድርሻውን ግን ነሥቼው አላውቅም።
እሱ ያልቀመሰው ዘር አይባረክም።»

በቅጼ ላይ የወፍ ዓምድ የለም።
ከመሳቢያዬ ተቀመጠ፣ ሁለት ክረምት፣ ያለ ስም።

ሦስተኛው ዓመት ላይ፣ በመስታወቱ ቤት፣
አቀንጭራ በሞላው አፈር የዘራናት
ዝምተኛዋ ቆመች፦ አረንጓዴ፣ ጤነኛ።
ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። እልል አልን እኛ።
ማታ ግን ብቻዬን፣ እንደ ሞኝ፣ እንደ ልጅ፣
ጆሮዬን አስጠጋሁ ከሸክላዋ ደጅ።

ምንም።

ፈቃዱ ሲወጣ ሐርቡ ሄድሁ በሰኔ፣
ከረጢቷንም፣ የወፉንም ጥቅል ይዤ እኔ።
ሙሄ ሁለቱንም አንድ ማሳ ዘራ፦
ዝምተኛዋን በቀኝ፣ ተጣሪዋን በግራ።
«ድንበር ልለካልህ?» አልሁት። «ለማን?» አለ።
«ነፋስ ቅጽ አይሞላም፤ ያበበ ተቀላቀለ።»

ይኸው ጥቅምት ደርሷል፣ እሸቱ ወዝቷል።
አንዲት ግሪሳ መጣች ከመንጋዋ ቀድማ፤
ከሁለቱ ራሶች መሐል፣ አየር ላይ ቆማ
ክንፏን ታራግባለች።

ሙሄ ወንጭፉን ጭኗል፤ አይወረውርም።
እኔም ብዕር ይዣለሁ፤ አልጽፍም።