አሥራ አንድ ሜትር

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ፣
ጣሪያው የጋራ፣ ግቢው የጋራ፣
የኔ የምለው በረንዳዬን ነው፣ ስፋቱ ሁለት ክንድ፤
ከሱ እስከ ሮቶው ማማ ለካሁ፣ ሜትር አሥራ አንድ።

መጽሐፉ አርባ ይላል።
አርባ ሜትር ያለው ሰው፣ በዚህ ሰፈር፣ ባላባት ይባላል።

ሃያ ሦስት ዓመት በመርከብ፣ በሬዲዮ ክፍል ታጥሬ፣
ጆሮዬን ለባሕር አከራይቼ፣ በነጥብና በሰረዝ አድሬ፣
ከምሰሶ ምሰሶ ሽቦ እንዳልነበረኝ እንደ ልብ፣
ዛሬ ዓለምን ልሰማ ነው፣ በልብስ ማስጫ ሒሳብ።

ሽቦው ከምናለሽ ተራ ነው፣ በኪሎ የተመዘነ፣
የድሮ ስልክ መስመር፣ ሐሜትና መርዶ ሲያመላልስ ኖሮ የቦዘነ።
ቀለበቱን ከሞተ ቴሌቪዥን ሆድ ውስጥ አወጣሁት፣
ዘጠኝ ዙር በቀይ፣ ሦስት ዙር በጥቁር ጠመጠምሁት።
አጥፌ ዘረጋሁ፤ ሄዶ የሚመለስ፣ ትይዩ ሁለት መስመር፣
በየክንዱ የቱቦ ቁራጭ፣ እንደ መሰላል ሲደረደር።
ከላይኛው ወገብ ላይ ሬዚስተር፤
ሲሶውን ኃይል እሱ ይበላል፣ ሙቀት አድርጎ ያስቀራል።
አንድ ሞገድ ብቻ የሚያፈቅር ሽቦ በሌላው ላይ ይኮራል፤
ይሄኛው ግን ለመጣው ሁሉ በሩን ገርበብ ያደርጋል፣
ለአጭሩም ለረጅሙም፤ ታዲያ ግብሩ ይከፈላል።
ጠባብ ቤት የኖረ ያውቀዋል፤ እንግዳ አይመረጥም።

ከታች ፎቅ ወይዘሮ ዘርትሁን፣ «ጋሽ ልሳኑ፣ መቼም ገመድ ነው፣
የሕፃኑን ብርድ ልብስ ጣል ባደርግበት ምን አለው?»
የብሎኩ ሰብሳቢ አቶ ድሪባ ቃለ ጉባኤውን ይዞ መጣ፤
«መብረቅ ይጠራል ተብሏል፣ ነዋሪው ሰግቷል፣ ይህ ነገር ይውጣ።»
ፈቃዴን ሰጠሁት፤ ማኅተሙን ወደ ብርሃን ይዞ መረመረ፣
መሬት የገባውን ብረት በጫማው ጫፍ ሞከረ፣
«እንግዲያስ ዲሼን እንዳትነካ፣ ኳስ አለ» ብሎኝ፣ ነገሩ በዚሁ ቀረ።

ከፈትሁ። ጫጫታ። የሚንሿሿ፣ የሚንጣጣ፣
የስልሳ አባወራ ቻርጀር፣ አምፖል፣ ማቀዝቀዣ፣ ከየግድግዳው የመጣ።
በሩን ለሁሉ ገርበብ ያደረገ፣ ሁሉ ገባበት፤
ሦስት ሌሊት አመሸሁ፣ የጎረቤት መብራት እየሰማሁበት።

በአራተኛው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ መብራት ሄደ።
«ውይ!» አለ ብሎኩ በአንድ አፍ።
ኳሱ ባዶ ለባዶ ነበር፤ አቶ ድሪባ በደረጃው እየተሳደበ ወረደ።
እኔ የመኪና ባትሪ አለኝ።
ሞገዱ ጠራ፣ ከዝናብ በኋላ እንደሚታየው የረር።

መጀመሪያ ነጥብ። ቀጥሎ ሰረዝ። ቀጭን፣ የሚርገበገብ፣
አንድ ሰው ከኮሞሮስ፣ ከደሴቱ፣ በእጁ ሲከትብ፤
ማን አለ? ማን አለ? እያለ።
ጣቴ ከኔ ቀድሞ መለሰ፤
ስሜን፣ ከአዲስ አበባ ዳርቻ መሆኔን፣ የሽቦዬን ርዝመት።
«አሥራ አንድ?» አለ። ቆየ። በጨለማው ጠበቅሁት።
«የኔ ዘጠኝ ነው። የባለቤቴ ቀሚስ ተሰጥቶበታል።»

ብቻዬን ሳቅሁ፣ ወንበሩ እስኪንቋቋ።
ከተማዬን ልነግረው ስል መብራት መጣ፤
ልጆቹ «እሰይ!» አሉ፣ ሰውዬውም በማቀዝቀዣዎቹ ጩኸት ተዋጠ።

ጠዋት ወደ ታች ተጣራሁ፤ «ወይዘሮ ዘርትሁን፣
ብርድ ልብሱን ስጪው፣ ግን ጨምቀሽ፣ በደንብ ተንጠፍጥፎ ይሁን፤
ማታ ሳይመሽ ታነሺዋለሽ። ቀጠሮ አለኝ፣
መብራት ኃይል ከፈቀደ።»