ዋስ

ሞላሌ ከተማ፣ ከቀበሌው ጓሮ፣
አምስት ሆነን ቆምን ተጠግተን ቆርቆሮ።
ውርጩ ገና አልለቀቀም፣ እግራችንን ይቆረጥማል፤
የብድሩ ልጅ ስም ይጠራል፣ አፉን በመዳፉ ያሞቃል።
«አንዷ መክፈል ቢያቅታት፣ አራታችሁ ትከፍላላችሁ።
ገብቷችኋል? እርስ በርስ ዋስ ናችሁ።»

ዋስ አለኝ።
እኔን፣ እታፈራሁን። በአርባ አንድ ዘመኔ ይህን ስም ማን ጠራኝ?

አባቴ ሲካሰስ፣ ወንድሜ ሰው ሲፈነክት፣
«ዋስ ጥሩ» ሲባል ሰምቻለሁ ከጓዳ ሆኜ፣ በልጅነት።
ዓይን ሁሉ በላዬ ያልፋል፣ እንደ ምሰሶ፣ እንደ ማጀት፤
ወንድ ነበር የሚጠራው፤ ማን ይቀበላል የሴት?

አሁን ልጁ አውራ ጣቴን ይዞ ሐምራዊ ቀለም ነከረ፤
አንዲት ባቄላ የምታህል ስሜ ወረቀቱ ላይ ቀረ።
ቤት ገብቼ በአመድ ብፈትገው ሦስት ቀን ጣቴ ላይ አደረ።

ስድስት ሺህ ብር።
ሁለት እናት በግ፣ በቀረው ጠጉር ገዛሁበት፤
እንዝርቴ ሲሾር ያድራል፣ ኩራዙ ጋዝ እስኪያልቅበት።
ሸማኔው ባና ያደርገዋል፣ ደብረ ብርሃን ይሄዳል በመኪና፤
ብሩ ሲመጣ ባሌ ይቆጥራል፣
እኔም እቆጥራለሁ፣ እንደገና።

ሽቱ ቅቤ ትነግዳለች፣ ጌጤ ዶሮ ታረባለች፤
ወደርየለሽን ብትጠይቋት «ብሩንማ አይቼዋለሁ» ትላለች፤
በማግስቱ ባሏ ለወሰን ሙግት ጠበቃ ያዘበት፣
እሷ እንጨት ሸጣ ትከፍላለች፣ ድንበሩ ዛሬም ክስ አለበት።

አምስተኛዋ ትርንጎ ናት፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ፈጣን፤
ሦስት ወር ቀድማን ከፈለች፣ በአራተኛው ፊቷን አጣን።
በጎቿን ሸጣለች። ልጇን ይዛለች። ነጠላዋ ከግድግዳው የለም፤
በጉሙ ውስጥ መኪና አልፎ ነበር ይላሉ፤ ሰሌዳውን ማንም አላየም።

ከፈልን።
«የእጅሽን ይስጥሽ» ብያታለሁ፣ አልዋሽም፤
ከሁለቱ በጌ አንዷን ስሸጥ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።
ጌጤ ዶሮዎቿን በእግራቸው አንጠልጥላ ገበያ ወረደች፣
ሽቱ «ያመጣሻት አንቺ ነሽ» ብላ ሦስት ሳምንት አኮረፈች።

አዎ፣ ያመጣኋት እኔ ነኝ።
ግን ያን ዕለት፣ ልጁ ጣቷን ሲይዝ፣ እጅጌዋ ወደ ላይ ሲሸሽ፣
ክንዷ ላይ ያለውን አይቼ «ምን ነካሽ?» አላልኳትም፤
ሐምራዊ ነበር፣ ከቀለሙ አይለይም።

ሰኔ ላይ ባሏ መጣ፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ፤
«እንደምን አደርሽ» የለ፣ ደጄ ላይ ቆሞ፦
«ዋሷ ነሽ አሉኝ። ዋስ የያዘውን ሰው ያቀርባል።
ሚስቴን አምጪ። አለዚያ በሽማግሌ ይጠየቃል።»

ሕግ ያውቃል። መንዝ ውስጥ ሕግ የማያውቅ ወንድ የለም።
እንዝርቴን አቆምኩ። ጣቴን አየሁት፤ ከለቀቀ ቆይቷል ቀለም።

«እውነት ነው፣ ዋሷ ነኝ» አልኩት፣ ድምፄ እንዲህ ጸንቶ አያውቅም፤
«ብሩን ከፍያለሁ፣ ደረሰኙ ይኸው። አንተ ግን ስተሃል፣ ወንድም፤
ለብሯ ነው የፈረምኩት፤
ለእግሯ አልፈረምኩም።»

ደጁ ላይ ጥቂት ቆየ። በጓ አንዴ ጮኸች። ሄደ።

መስከረም ሲጠባ ልጁ ደብተሩን ይዞ መጣ፦
«አራት ሆኖ አይሆንም፣ ለሁለተኛው ዙር ሌላ ሴት ትምጣ።»
ሽቱ እኔን አየች፣ እኔ ሽቱን። ማንም አልተነፈሰም።
ያኔ ድርቤ መጣች፣ የትርንጎ ባል ታናሽ እህት፤
ግራ ቀኝ አላየችም፣ ፈቃድም አልጠየቀችም፣
አውራ ጣቷን ዘረጋች፣ ልጁ ገና ቀለሙን ሳይከፍት።

ሁሉም ጣቷን ያያል።
እኔ አስቀድሜ ያየሁት እጅጌዋን ነው።