አስተያየት ቁጥር አርባ ሰባት

ማሪቦር ላይ ጥር ነው፤ ድራቫ ጉም ለብሷል፤
ሦስተኛው ፎቅ ላይ የኔ መብራት ቀድሞ በርቷል።
ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት መቶ ሉህ አለ፣
ገና ያልቆመ ምሰሶ፣ በወረቀት የዋለ።

ሥራዬ ቀላል ነው፦ ሰው ያመነውን መጠርጠር፣
የደመረውን መደመር፣ የቆጠረውን መቁጠር።
ቀይ እስክሪብቶ አለኝ፣ ክዳኑ የተነከሰ፤
ስንት ወጣት መሐንዲስ በሱ ምክንያት አለቀሰ።
(አላለቀሱም እንኳ፤ ሊፍቱ ውስጥ ገብተው
ስሜን ያነሱታል፣ እንደሚመቻቸው አጣመው።)

አስተያየት አንድ፦ የአጥሩ ርቀት አልተጻፈም።
አስተያየት ዘጠኝ፦ የመሬቱ ሽቦ መሬት አልነካም፤
ወረቀት ላይ ያለ መሬት ለመብረቅ አይበቃም።
አስተያየት ሃያ፦ ይህች ቀስት ወዴት ናት የምታመለክት?
አስተያየት ሠላሳ፦ «እንደ ቀድሞው» ልኬት አይደለም፤ ቁጥር ጻፉበት።

ኔዣ ናት የሣለችው። ሃያ ስድስት ነው ዕድሜዋ።
ጥንቁቅ ናት፤ እንደ ጥልፍ ይነበባል መስመሯ።
ስሕተት ባገኘሁ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር ድሮ፤
ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እጄ ይከብዳል ዘንድሮ።

አርባ ሰባት ላይ ቆምኩ።
ምሰሶ አሥራ ሁለት፣ ከፖሆርዬ ተራራ ጫፍ፣
ነፋስ ከሰሜን መጥቶ ጥዱን በሚያጎነብስበት አፋፍ፣
ሽቦው ላይ የሚያርፈው በረዶ ተገምቶ
ተጽፏል በሸለቆ ልክ፤ የቆላ ልብስ ለደጋ ተሰፍቶ።
እዚያ ላይ በረዶ እንደ ጥጥ አይደለም የሚወርደው፤
ይጋገራል፤ ክንድ አክሎ ሽቦውን ቀስ ብሎ ነው የሚስበው፤
ሌሊት ነው፤ ማንም አያይ፤ ብረቱ ብቻ ነው የሚያቃስተው።

ጻፍኩ፦ «የበረዶው ጭነት ከቦታው ጋር አይገጥምም።
ምንጩ ይገለጽ።» ቀይ ነው። አጭር ነው። አይሳደብም።

ከሰዓት በኋላ መጣች፣ ከምድር ቤት ወጥታ፣
ቢጫ የሆነ ሉህ ፊቴ ላይ ዘርግታ፤
«ምንጩ ይኸው» አለች፤ «የጎረቤቱ መስመር።
ሃያ ሁለት ጥር ቆሟል፤ ምኑ ነው የሚያጠራጥር?»

ቁጥሩን አየሁት። ያው ቁጥር። ነጥቡም ያው።
ከታች፣ «መርማሪ» በሚለው ሣጥን፣ ቀለሙ ያልደበዘዘው፣
ክብ፣ ጭራ፣ ሁለት እግር። «ይህ ምልክት» አለች፣ «የምንድን ነው?
መጽሐፍ ገልጬ አጣሁት።»
እኔ ግን አነበብኩት።

ዘ ነው። ቀጥሎ ር፣ በችኮላ የተጎተተች።
ሦስተኛዋ ዐይኑ ዓ፣ ዐይኗን አፍጥጣ አየችኝ።

ዝም ብል ዝም ነው፤ ምስክር የለብኝ፤
ሕንፃው ሙሉ አያነብም፤ ፊደሌ ሸሸገኝ።
ያን ዕለት ምን ነበር? ዓርብ ነበር ይሆናል፤
አለቃው ይጮኻል፣ ሰኞ ብረቱ ይጫናል፤
መቶ አሥር ሉህ አይቼ፣ በመቶ አሥራ አንደኛው ደክሞ
እጄ ፈረመ እንጂ፣ ዐይኔ አልነበረም ቆሞ።

«የኔ ነው» አልኳት።
ዝም አለች። ወደ መስኮቱ ዞረች።
ተራራው አይታይም። «ታዲያ ያኛው መስመር...» ብላ ተወች።

ያኛው መስመር ማለት፣ ሃያ ሁለት ጥር የቆመው፣
በስሌት አይደለም ማለት ነው፤ በረዶው ራርቶለት ነው።

ከአርባ ሰባት ሥር ጨመርኩ፦ «ምንጩ የኔ ስሕተት ነው»፤
ስሜንም ጻፍኩ፣ በነሱ ፊደል፣ ማንም እንዲያነበው።
ለቦሽትያን ደወልኩ፣ መስመሩን ለሚጠብቀው።
«ይህን ሁሉ ዘመን ቆሞ?» አለኝ፣ እየሳቀ።
«መቆም ማረጋገጫ አይደለም» አልኩት።
ሳቁ አለቀ።

ማታ አውቶቡስ ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ ውርጭ ተጋግሮ አገኘሁት፤
በጥፍሬ ፋቅሁት፣
ውፍረቱን ለካሁት።
አርባ ሰባት አልተዘጋም። ክፍት ነው የተውኩት።