ስልሳ ስምንት ደረጃ

ልጄ ጋቲስ አየርላንድ፣ እንጉዳይ ሊለቅም የሄደ ዕለት፣
ከካፖርቱ ኪስ አውጥቶ አስቀመጠልኝ፤ መዳፍ የማይሞላ ፍጥረት።
«ሁለት ወር ብቻ ያዢልኝ» አለ፤ «ይሄ ደግሞ አያድግም፣
ትንሽ ነው፤ ቦታ አይፈጅም።»
ሩኪስ አልነው። በእኛ ቋንቋ፣ ድንክ ማለት ነው።
ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነው።

እናቱ የበግ ጠባቂ ናት አሉ፤ አባቱን ያየ የለም።
ዶክተር ቪስቫልዲስ ጥርሱን ቆጥሮ፣ መዳፉን በመዳፉ ለክቶ፣ አልገባውም፤
«ድቡን ጠይቂው» አለኝ። ሚዛኑም አልበቃን፤ ግማሽ ጎኑ ወለል ላይ ቀረ፣
ገበያ ወስደን፣ ድንች ከሚመዘንበት፣ ባለ ሚዛኑ ሁለቴ ቆጠረ።
«ሰባ አንድ!» «ኪሎው በስንት ነው?» ሲል አንዱ ቀለደ፤
እኔ ሃምሳ አራት ነኝ። ገመዱን ያየ ሁሉ ማን ማንን እንደሚጎትት ፈረደ።

ሊዬፓያ ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ትራም ነዳሁ፤ ፍሬን መያዝ አውቃለሁ፤
እሱ ድመት ሲያይ ግን ምን ፍሬን አለ? በሆዴ በረዶ ላይ እንሸራተታለሁ።

ጡረታዬ ወር አያደርስም። ባለ ሥጋ ቤቷ ዳጊያ አጥንት ታቆይልኛለች፣
«ለሾርባ ነው?» እያለች፣ ለማን እንደሆነ እያወቀች።
አጃና ጉበት እቀቅላለሁ፣ ልብስ እቀቅልበት በነበረው ድስት፤
አንዳንዴ አንድ ጭልፋ ለራሴም እጨልፋለሁ፤ ማን ሊያየኝ በምሽት?
ፀጉሩ ሹራቤ ውስጥ፣ ቅቤዬ ውስጥ፣ የግድግዳ ሰዓቴ ውስጥ፤
ሶፋው የእሱ ሆኗል፤ እኔ ጫፉ ላይ እንግዳ ነኝ ለመቀመጥ።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የእኔው ዘጠኝ ዓመት በልቶ
አንድ ቀን አልጮኸም። ነጎድጓድ ሲመጣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ
ራሱን ከገንዳው ጥግ ይደብቃል፤ ቀሪው አካሉ ኮሪደሩን ሞልቶ
ይንቀጠቀጣል።

ስካይድሪቴ፣ የአንደኛ ፎቋ፣ ደብዳቤ ጻፈች ለማኅበሩ፦
«ደረጃው ጭቃ ሆነ፣ ፀጉር ሆነ። ይህ ፈረስ ነው፤ ይታይ ነገሩ።»
እውነቷን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስልሳ ስምንቱን ደረጃ
ተንበርክኬ አጠብኩ፣ ከአራተኛ ፎቅ እስከ መግቢያው መረማመጃ።

ዘንድሮ በጥቅምት፣ ነፋሱ የባልቲክን አሸዋ አምጥቶ መስኮት ሲቆረቁር፣
የኋላ እግሮቹ ከዱት። ሰባተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠ፣ ያጠፋ ይመስል፣ አንገቱን እንደ መስበር።
ስልሳ አንድ ይቀራል።
ፎጣ በሆዱ ሥር አሳልፌ ሳብኩ፤ ወገቤ እንቢ አለ።
በር ሲጢጥ አለ።
ስካይድሪቴ ናት፤ ቢጎዲን በጠጉሯ፣ ብርድ ልብስ በክንዷ፤
ምንም አልተነፈሰችም። ተማሪውን ኤድቪንስን ከነወንድሙ ቀሰቀሰች፣ በዚያ በመጥረጊያ ዘንጓ
ጣሪያውን መትታ። አራት ሆነን አራቱን ጫፍ ያዝን፤ እንደ ቃሬዛ።
ሁለተኛው ፎቅ ላይ ወንድምየው ሲያዘነብል፣
«ቀስ!» ብላ ጮኸች፤ «ፈረስ መሰለህ እንዴ!»

ከዚያ ወዲህ፣ እግሩ እንቢ ባለ ጠዋት፣ አራታችን እናወርደዋለን።
ከሊንደኑ ሥር ቆሞ ረጅም ይሸናል፤ ውርጩ ላይ እንፋሎት ይነሳል፤
እኛ ፊታችንን አዙረን፣ እጃችንን አጣምረን፣
ጸሎት እንደሚጠብቅ ሰው እንቆማለን።

እሑድ ጋቲስ ደወለ። «አሁንም አለ?» አለኝ።
ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋሁት። ያ ትልቅ ጆሮ ተነሳ፣ ተመልሶ ወደቀ።
«አያድግም ብለኸኝ ነበር» አልኩት።
ሳቀ። ቆይቶ ዝም አለ። የማሸጊያው ማሽን ድምፅ ብቻ ይሰማኛል።

መድኃኒቱ በሠራለት ቀን በራሱ እግር እንወጣለን፤
በየፎቁ እናርፋለን።
የደረጃው መብራት ራሱን የሚያጠፋ ነው፣ ለጎረምሳ እግር የተለካ፤
ትናንት ሦስተኛው ፎቅ ሳንደርስ ጠፋ።
ተቀመጥኩ። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ ጣለ፣ ክብደቱን ሁሉ፣ ሳይቆጥብ፤
እግሬ ደነዘዘ።
ማብሪያው እጄ ከሚደርስበት ነበር።
አልነካሁትም።