ያልተገለጸ

ማዱራይ ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤
ውጭ አስፋልቱ ገና የቀን ሙቀት ይተፋል፤
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ግን ማሽኑ ይነፍሳል፣
የቴንሞዢን ጣቶች እስካጥንት ይልሳል።
በመስኮቷ በኩል ረቡዕ እየመጣ፣
በመዝገቡ በኩል ማክሰኞ ገና ከምሳው ሳይወጣ፣
ባሕር ማዶ ካለ ሆስፒታል የተላከ የሰው ሕመም
ተራውን ይጠብቃል፤
በሰዓት አሥር መዝገብ።

ስሙ ተሰርዟል፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመት፤
የሚኒሶታ ጥር፤ ሐይቅ ዳር፤ እኩለ ሌሊት፤
በካናቴራ ብቻ በረዶው ላይ ቆሞ
«ጀልባዋ መጣች» ይላል ደጋግሞ።
ልጁ፦ «ትናንት ደኅና ነበር፤ ካርታ አሸንፎኛል።»
ነርሷ ጽፋለች፦
ስሙን ያውቃል።
ቦታውን አያውቅም።
ቀኑን አያውቅም።
የሶልቬግን ቁልፍ ስጡኝ ይላል።
ሶልቬግ ማን እንደሆነች የጻፈ የለም።
ዶክተሩ አንድ መስመር ጥሎ አልፏል፤
«የአእምሮ ሁኔታ ለውጥ» ይላል።

ቁጥር አለው ይህም፦ አር አርባ አንድ፣ ነጥብ፣ ሰማንያ ሁለት፤
«ያልተገለጸ» ነው የሚሉት።
ለድብታ ሌላ፣ ለፍዘት ሌላ፣
ጨርሶ ለማይነቃው ደግሞ ሌላ።
በእኔ ቋንቋ ቢሆን «ራሱን ሳተ» ነው፤
መንገደኛ መንገድ እንደሚስት፣
ድንጋይ ወፏን እንደሚስት።
ሳተ፤ ሳተስ ወዴት ሄደ?
ለዚህ የተሰመረ ረድፍ የለም።

ከደሙ ውስጥ ሶዲየም ወርዷል፤
መቶ አሥራ ስድስት፤ ቀይ ቀስት ያመለክታል።
ስምንት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ የቆየ ሰው
ምክንያቱ አይጠፋውም።
ግን ማወቅ ሌላ፣ መጻፍ ሌላ፤
የሥራዋ ሕግ አንድ ነው፦ ሐኪም ያልጻፈው አልሆነም።
ስለዚህ ትጠይቃለች፣
መልሱን በጆሮው እንዳታንሾካሹክ እየተጠነቀቀች፦
«የለውጡን ምክንያት፣ የሚታወቅ ከሆነ፣ ቢያብራሩልን።»
ሙቱቬል ከኋላዋ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤
«ያልተገለጸ በይውና እለፊ።»
እሱም እውነቱን ነው፤ እላዩ ላይ አለቃ አለበት።

በአዲ ወር የመንደሯ አምላክ ሲወጣ
አክስቷ ቺናታይ ፀጉሯን ፈትታ፣ የኒም ቅጠል ነክሳ፣
በሌላ ሰው ድምፅ ትናገራለች።
አንድ ዓመት የጠፋ ውኃ ያለበትን በእግሯ ረግጣ አሳይታለች።
ለዚያም ቁጥር አለ፤
ቴንሞዢ በዓለም አቀፉ መጽሐፍ ፈልጋ አገኘችው፣
ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፦
በሃይማኖት በዓል ላይ ከሆነ አይካተትም።
ለምን እንደሆነ ሳታውቅ
በረጅሙ ተነፈሰች፤
የሰው ጓዳ እንዳየች ሁሉ ገጹን ዘጋች።

መልሱ በሦስተኛው ሌሊት መጣ።
ሶዲየም፣ ከዚያም አንጎል፤ በፊርማ የተጻፈ።
ያልተገለጸው ተሰረዘ፣ የተገለጸው ገባ።
የነርሷ የመጨረሻ ማስታወሻ ከታች አለ፦
ታካሚው ቦታውንም ቀኑንም ያውቃል።
ስለ ጀልባዋ ሲጠየቅ ሳቀ።
ስለ ቁልፉ ሲጠየቅ ዝም አለ።
ቴንሞዢ ዝምታውን ሁለቴ አነበበችው፤
ጣቷ ቁልፎቹ ላይ ቆየ፤
ከዚያ ቀጣዩን መዝገብ ከፈተች።

ሲነጋ፣ የአውቶቡሱ መስታወት ላይ ግንባሯን አስደግፋ፣
ሳትተኛም ሳትነቃም፣
መውረጃዋን ሳተች።
አንዲት ተማሪ ጉልበቷን ነካ አደረገቻት፦
«አካ፣ የት ነው የምትወርጂው?»
ስሟን ታውቃለች።
ቦታውን…
አንድ የሙዝ ጋሪ፣ አይታው የማታውቀው ቀይ አጥር።
ቀኑን ቢጠይቋት፣
የማንን ቀን ትበል?