ሁለት ብልቃጥ

በካርታ ላይ ስሙ ሳኦ ፍራንሲስኮ ነው፤
እኛ የባሂያ ቀዛፊዎች ሽማግሌው ሺኮ ነው የምንለው።
ሠላሳ አንድ ዓመት ጀርባውን አክኬለት፣
ዋጋዬን ሳይከፍለኝ፣ እኔም ሳልቆጣበት፣
መጀመሪያ በእንጨት፣ ኋላም በሞተር፣
ሰው ሳሻግር ኖርኩኝ፣ ፍየል፣ በርሜል፣ ሚስማር፣
አንድ ጊዜ አስከሬን፣
አንድ ጊዜ ደወል፣ በሄደበት ሁሉ ሳይመታ የሚጮህ።

ባለፈው በጋ ላይ አንዲት ሴት መጣች፤
ዶክተር ናት ሲሉኝ ወገቤን ላሳያት ተጠጋሁ፤ ሳቀች።
«እኔ የእንሽላሊት ነኝ» አለችኝ ኢራኔ፣
«ይልቅ አሻግረኝ፣ ቀኑ ሳይግል በኔ።»
በግራው ዳር አሸዋ ባልዲ ቀበረች፣
በቀኙ ዳር አሸዋ ባልዲ ቀበረች፣
ሲነጋ ጎንበስ ብላ የወደቀውን ለቀመች።

ከዚያ ሁለት ብልቃጥ ጭኔ ላይ አኑራ
«እስቲ ለያቸው» አለች፤ ሞተሩን አጠፋሁ፣ ዓይኔም እንዲሠራ።
አሸዋ የመሰለ ጀርባ፣ አራት እግር፣ ጭራ፣
ሲተነፍስ የሚርገበገብ ጉሮሮ።
«መንታ ናቸው» አልኳት።
«ነበሩ» አለችኝ።

ታንኳዋ ለብቻዋ ስትንሳፈፍ ነገረችኝ፦
ዓለም በቀዘቀዘችበት በዚያ ሩቅ ዘመን
በረዶው ለሌላ አገር፣ ለእኛ ነፋስና ድርቅ ደረሰን።
ይህ ወንዝ ያኔ ባሕርን አያውቅም ይላሉ፤
እዚሁ ሐይቅ ሆኖ ሲሞላ ሲጎድል፣
ነፋሱ ከዳሩ አሸዋ እያፈሰ
ኮረብታ ሠራና መልሶ አፈረሰ።
እንሽላሊት ጫካ አጣ፣ ጥላ አጣ፣
ከአሸዋ ጋር ታረቀ፣ ሌላ ዘመድ ሲያጣ።
ቀለሙ የነጣ ከጭልፊት ዓይን ተረፈ፣
ጠልቆ የቆፈረ ቀትሩን አለፈ፤
የቀረው ቁርስ ሆነ።

«በኋላ ውሃው ሰብሮ ወደ ባሕር ሲወጣ
አሸዋውን እንደ አሮጌ ሸራ ለሁለት ቀደደው።
እዚህ የነበረ እዚህ፣ እዚያ የነበረ እዚያ ቀረ።
ማንም ማንንም አልተሰናበተ።»

«መቼ ነው?» አልኳት።
«ገሚሱ ሰው አሥራ ሁለት ሺህ ዓመት ይላል።
ደማቸውን ስናነብ ግን ከዚያ እጅግ ይርቃል።
እኔ ደሙን አምናለሁ።»

ዝም አልኩ። እኔ የማውቀው ቁጥር ያነሰ ነው።
ወንድሜ ዜፌሪኖ ቤቱ በቀኙ ዳር ነው።
በአንድ መረብ ተጣላን፤ መረቡም በሰበሰ፤
ሃያ ሁለት ዓመቱ እንደ ጀልባ ውሃ እየፈሰሰ።
ልጆቹ ሺኮን ሲጠሩ ስሙን ይጎትቱታል፣
እኛ ዳር እንዲያ የሚል የለም።
በየቀኑ እሻገራለሁ፤
ገመዴን አስራለሁ፣ ገንዘቤን እቆጥራለሁ፣
ከአሸዋው በላይ ግን አልወጣም።

ዘንድሮ ግድቡም ዝናቡም ነፈጉን፣
የታንኳዬ ሆድ መሬት እየላሰ ነው።
ወንዙ መሀል አዲስ ደሴት ወጥቷል፣
ሽመላ ብቻ የቆመበት።
«ጨርሶ ቢደርቅስ፣ ይገናኛሉ?» አልኳት።
ብልቃጡን በጥላዋ ጋርዳ ቆየች።
«ይገናኙ ይሆናል። መተዋወቃቸውን እንጃ።
ወንዱ ራሱን ሲነቀንቅ፣ እሱ ሰላምታ መስሎት፣
ለሌላው ስድብ ቢሆንስ? ማን ያውቃል፣ ኦኖፍሬ።»

ከጭራቸው ጫፍ ቅንጣት ወስዳ ነበር፤
«አሁን በየቤታቸው ልቀቃቸው» አለችኝ፣
«አደራ እንዳትቀያይር።»
የግራውን በግራ ለቀቅሁ።
የቀኙን ይዤ ተሻገርኩ፣ ብቻዬን፣ ፀሐይ ሲያዘነብል።
ክዳኑን ከፈትኩ። አልሮጠም።
አገጩን ቀና አድርጎ አየኝ፣
ከዚያ አሸዋው ውስጥ ጠለቀ፣ ውሃ ውስጥ እንደሚገባ።

ከክምሩ በላይ፣ ከቁልቋሉ ኋላ፣
የዜፌሪኖ ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል።
የማያውቀኝ ውሻ ጮኸብኝ።
አንድ ሰው ከደጁ ወጥቶ በእጁ ፀሐይ ከለለ።
ራሴን ነቀነቅሁ።
ስንቴ እንደሆነ አልቆጠርኩም።